ዘጠነኛዋ ሸማኔ

እናቴ ከሞተች ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ስታወራ አየኋት። አእምሮዋን ሳተች እንዳትሉኝ፤ አየኋት ነው ያልኩት፣ ሰማኋት አላልኩም። ድሮም ቢሆን እናቴ ለቁም ነገር ድምፅ አታወጣም ነበር።

እኛ አገር፣ ላንክሻየር፣ ጥጥ ፋብሪካ የሠራ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። አንድ አዳራሽ ውስጥ አምስት መቶ የሽመና ማሽን በአንዴ ሲንኳኳ ቢጮኹ ማን ይሰማል? ስለዚህ ሸማኔዎቹ በከንፈር ያወራሉ። አፍ ከፈት፣ ከንፈር ሳብ፣ ቅንድብ ከፍ እያደረጉ፣ ትንፋሽ ሳያወጡ ሐሜቱን ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ያደርሱታል። ልማዱ እስከ ቤት ይከተላቸዋል። እናቴ ኢዲት በአሥራ ሁለት ዓመቷ ገብታ ሠላሳ ሳይሞላት ጆሮዋ ደክሞ ነበር። ከመንገድ ማዶ ካለችው ከአክስት ዊኒ ጋር በመስኮት መስታወት አሻግራ የሰው ትዳር ስታማ፣ ባለትዳሩ ራሱ ቆቡን አንሥቶ «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ከመስኮቱ ሥር ያልፋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ተረት ከኛ መንገድ የወጣ ነው የሚመስለኝ።

ዊኒ የሥጋ አክስቴ አይደለችም። ከእናቴ አጠገብ ባለው ማሽን አሥራ አምስት ዓመት የቆመች የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ስለዚህ አክስት ነች፣ አለቀ።

እኔ መርየል እባላለሁ። ፋብሪካ አልገባሁም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ድንች ስልጥ ነው። በከንፈር ወሬ ግን ከማንም ሸማኔ አላንስም። በሦስት ዓመቴ ግራ ጆሮዬ መግል ቋጥሮ፣ መግሉ ከጆሮዬ ኋላ ወዳለው አጥንት ገብቶ ልሞት ነበር። ሆስፒታል ቀደው አዳኑኝ። ጆሮው ደነቆረ፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። «ጆሮሽን ቢወስዱት ዓይን አለሽ» ብላ እናቴ ፊደል ሳልቆጥር ከንፈር ማንበብ አስተማረችኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አስተማረችኝ። በዚህ ወሬ ላለመስማት የፈለገ ሰው ጆሮውን አይደፍንም፤ ጀርባውን ይሰጣል። ጀርባ ከሰጡሽ በቃ፣ ብትለፈልፊ ለግድግዳ ነው። በሠፈራችን ከዚህ የከፋ ስድብ አልነበረም።

ቤታችን ውስጥ የ1932 ታሪክ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ይነሣል። አባቴ ሥራ ካጣ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። የመንግሥት መርማሪ ቤታችን መጥቶ ወንበሮቻችንን ቆጥሮ፣ «መጀመሪያ ሰዓቱንና ቁምሳጥኑን ሽጡ፣ ከዚያ ድጎማ ትጠይቃላችሁ» ብሎ ሄደ። በዚያው በጋ የፋብሪካው ባለቤት አራት ማሽን የምትይዝ ሸማኔ ከእንግዲህ ስድስት ትይዛለች አለ፤ ባልተጨመረ ደመወዝ። አድማ ተመታ። ፋብሪካው ከሌላ ከተማ አድማ ሰባሪዎች ሊያስገባ መሆኑ ሲሰማ፣ ዘጠኝ ሴቶች በጸሎት ቤቱ የኋላ ክፍል ተሰብስበው እጅ ለእጅ ተያይዘው ቃል ገቡ። ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ የፋብሪካው በር ላይ ሊተኙ፣ የሚገባው በላያቸው ተራምዶ እንዲገባ።

ሐሙስ ሲደርሱ ፖሊስ ቀድሟቸው ቆሟል። ካቦው ክሮንሾ ከወረቀት ላይ ስም ጠራ፤ ስምንት ስም። ስምንቱ ተባረሩ፤ እስከ ጦርነቱ ድረስ በከተማው አንድም ፋብሪካ ደጁን አልከፈተላቸውም። እናቴ ከስምንቱ አንዷ ናት። ዊኒም እንደዚሁ፤ ሰባት ዓመት የሰው ቤት ወለል አጥባለች። አድማው ከሸፈ በኋላ ሰኞ ማሽኖቹ ሲነሡ፣ ዘጠነኛዋ አራት ማሽኗ ጋ ቆማ ተገኘች። ስሟ አልተጠራም። ከዘጠኝ ስምንት ሲቀነስ ስንት ይቀራል? ዳኛም ምስክርም ያስፈለገው የለም።

ዘጠነኛዋ ሄቲ ነበረች፤ የዊኒ ታናሽ እህት።

«የዚያን ሰኞ ማታ ከቤት ስትገባ፣ 'ድምፅሽን ሁለተኛ እንዳልሰማው' አልኳት» ትላለች ዊኒ፣ ሻይዋን እያማሰለች። «አልሰማሁትም። ቅዳሜ ሻንጣዋን ይዛ በአውቶቡስ ሄደች። አንዲት ቃል ሳትተነፍስ። ንጹሕ ሰው ቢሆን አፍ የለውም? አይናገርም?»

እናቴ ይኼኔ ሳህን ለማንሣት ትነሣለች።

ሄቲ ደቡብ ወርዳ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆነች። በ1951 በሳንባ ምች ሞተች። ቴሌግራሙ ሲመጣ ዊኒ አንብባ እሳት ውስጥ ጨመረችው፤ ለቀብር አልሄደችም። ከቤተሰቡ ፎቶ ላይ ፊቷ በመቀስ ወጥቷል። በሠፈራችን ልጆች አፍ ስሟ ስድብ ሆኖ ቀረ፤ ያሳበቀብንን ልጅ «አንቺ ሄቲ!» እንለዋለን፣ ወንድ ቢሆንም። አንድ ቀን እኔ ይህን ስድብ ቤት ውስጥ ስለው እናቴ በጥፊ አጮለችኝ። በሕይወቷ የመታችኝ ያኔ ብቻ ነው። የከዳተኛ ስም በቤቷ እንዲነሣ ስለማትፈልግ መሰለኝ፤ ኮራሁባት እንጂ አልተቀየምኩም።

የኔ መዳንም ከዚያው ታሪክ ጋር ይነገራል። ያን ጊዜ ሆስፒታል አልጋ ለማግኘት፣ ለሆስፒታሉ የሚለግስ ባለጸጋ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልግ ነበር። የኛ ከተማ ባለጸጋ ደግሞ ያው የፋብሪካው ባለቤት ነው፤ ለአድማ መቺ ልጅ አይፈርምም። የጸሎት ቤታችን አገልጋይ ግን እግሩ ላይ ወድቆ ለምኖልኝ፣ ማክሰኞ ማታ ወረቀቱ መጣ። እንዲህ ነበር የሚባለው። አገልጋዩ በሞተ ጊዜ እናቴ አበባ እንድወስድለት ስትልከኝ እሷ ለምን አብራኝ እንደማትመጣ አልጠየቅኋትም።

እንግዲህ በ1983፣ እኔ ሃምሳ አራት ዓመቴ፣ ዊኒ ሰባ ዘጠኝ፣ የድሮው ፋርማሲ ቤት ተሸጠና ጣሪያው ሥር የፊልም ሣጥን ተገኘ። ፋርማሲስቱ በ1932 ካሜራ ገዝቶ መንገድ ለመንገድ ሰው ሲያነሣ ነበር፤ «ራሳችሁን በሲኒማ ታያላችሁ» እያለ። ሆኖም ከዚያ አድማ በኋላ ራሱን ማየት ያማረው ሰው አልተገኘም፤ ሣጥኑ እዚያው ተረሳ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሚስ ኤንትዊስል ሣጥኑን ስታገኝ ደስታዋን አልቻለችውም። የስምንቱን ሴቶች ስም በነሐስ ሰሌዳ አስቀርጻ በሠራተኛ ማኅበሩ አዳራሽ ልትሰቅል አስባ ነበርና፣ ቅዳሜ ከሰዓት ፊልሙ ይታያል፣ ከዚያ ከስምንቱ በሕይወት ያለችው ዊኒ የሰሌዳውን መሸፈኛ ትገልጣለች ተባለ። የመጀመሪያው ስም የእናቴ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ሄጄ በጣቴ ዳስሼው ነበር፤ ፊደሉ ውስጥ ውስጥ ገብቶ ተቀርጿል።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሻይ አለ፣ ኬክ አለ፣ የማኅበሩ አሮጌ ባንዲራ ተሰቅሏል። ዊኒን ከፊት ወንበር ላይ አስቀምጠን ማይክ ሰጠናት።

«ምን ላድርግበት?» አለችኝ።

«ሴቶቹ የሚሉትን አንብቢልን። ከዚህ ሁሉ ሰው ከንፈር የሚያነብ አንቺና እኔ ብቻ ነን፤ ሌሎቹ ወይ ዓይናቸው ጠፍቷል ወይ ሞተዋል።»

«አንቺ ለምን አታነቢም?»

«እኔ ድንች ላጭ ነኝ። አንቺ ሸማኔ ነሽ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለችና ማይኩን እንደ አይስክሬም አፏ ሥር ደቀነችው።

መብራት ጠፋ። የፋብሪካው በር ታየ፤ አድማ ላይ ያሉ ሴቶች ከደጁ ቆመው ነበር፤ በሻርፕና በእንጨት ጫማ ግር ብለው ወደ ካሜራው መጡ። ሃምሳ አንድ ዓመት የተዘጋባቸው፣ ወጣት፣ ሳቂታ። ዊኒ ማንበብ ጀመረች።

«ይቺ፣ 'ወገቤን ያሰርኩበት ሊገድለኝ ነው' ትላለች። ይቺ ደግሞ፣ 'አንቺ አፍሽን ዝጊ፣ ጥርስሽ ሲኒማውን ያስፈራዋል'። ኧረ ጉድ! ይቺን አያችኋት? የስታንሊ እናት ናት። ስታንሊ፣ እናትህ ምን እንደምትል ልንገርህ?»

«ንገሪኝ!» አለ ስታንሊ ከኋላ። እሱም ሰባ ሊሞላው ነው።

«'ባሌ የሚያንኮራፋው ነገር ከአዳራሹ ማሽን ይብሳል' ትላለች።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ስታንሊ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ደስ ያለኝ ያኔ ይመስለኛል፤ ቢያንስ እንደዚያ ያለ ደስታ።

ካሜራው ሰፋ አደረገ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ካሜራው ዞረው ይንጫጫሉ። ከሁሉም ኋላ፣ ከግድግዳው ሥር፣ አንዲት ቀጭን ሴት ለብቻዋ ቆማለች። ሻርፗን አውርዳ ፊቷን ገልጣለች። አትስቅም።

«እማዬ!» አልኩ፣ ሰው መኖሩን ረስቼ። የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ ከኔ ልጅ ታንሳለች።

ታወራ ነበር። ከፊቷ ላሉት ሴቶች አይደለም፤ እነሱ ጀርባቸውን ሰጥተዋታል። በጭንቅላታቸው በላይ አሻግራ፣ ከካሜራው ጎን ለቆመ ሰው ነው የምታወራው። ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን ጥርት አድርጋ፣ ልክ እኔን ስታስተምረኝ እንደምታደርገው። ስለዚህ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። ምነው ባመለጠችኝ!

«ዘጠኝ ነን። ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ በሩ ላይ እንተኛለን።»

ከዚያ ስም ጠራች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሁለተኛው ዊኒ ነበር።

«የኔንም ጨምርበት፤ አለዚያ ይነቁብኛል። ሄቲን ግን ተዋት። እናታቸው ሽባ ናት፤ ከዚያ ቤት አንድ ሰው እንኳ ይሥራ። ሄቲን እንዳትነካት።»

ሻርፗን በሁለት እጇ ጨብጣ ቀጠለች።

«ወረቀቱን ግን ዛሬውኑ ስጠኝ። ልጄ ነገን አታይም።»

ከካሜራው ጎን አንድ ሰው ወደ ምስሉ ገባ። ካቦው ክሮንሾ። እሱም ከማሽን ተነሥቶ ነው ካቦ የሆነው፤ ከንፈር ያነባል። ቆቡን ነካ አድርጎ በሴቶቹ መሐል አልፎ ሄደ።

እጄ ሳላዝዘው ከጆሮዬ ኋላ ሄዶ ጠባሳውን ያዘ። ያ ሁሉ ሴት በሚተያይበት ከተማ፣ ካቦ ቤት ብትሄድ መጋረጃ ገልጦ የሚያያት በማይጠፋበት መንገድ፣ እናቴ ሁሉም ፊቱን ወደ ካሜራ የሚያዞርባትን አንዲት ደቂቃ መርጣ ነው የተናገረችው። የሸማኔን ዓይን ፈርታ ከሸማኔ ዓይን ተደበቀች። ካሜራውን ሰው አድርጋ አልቆጠረችውም።

ማይኩ ዝም ብሏል። ዊኒን አየኋት። በስክሪኑ ብርሃን ፊቷ ዐመድ መስሏል፤ አፏ ግን ያነበበችውን ያለ ድምፅ ይደግመዋል። ሄቲን ተዋት። ሄቲን ተዋት።

«እትዬ ዊኒ፣ ይቺ ኢዲት ናት አይደል?» አለች ሚስ ኤንትዊስል ከፊልም ማሳያው ማሽን አጠገብ፣ ምንም ሳታውቅ። «ምን እያለች ነው?»

ዊኒ ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋችው።

«'ሻይ ጠማኝ' ነው የምትለው» አለች።

ሰው ሳቀ። ለእናቴ ብላ ዋሸች። ወይስ ለኔ? ወይስ ለራሷ፣ ሃምሳ አንድ ዓመት የዘጋችውን በር ላለመክፈት? እስከ ዛሬ አላውቅም።

በዚያች ደቂቃ ዝም ማለት እችል ነበር። ነገሩን የማውቀው እኔና ዊኒ ነን፤ ዊኒ ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብላለች። ፊልሙ ያልቃል፣ ጨርቁ ይገለጣል፣ የእናቴ ስም በነሐስ ያበራል፣ ኬክ እንበላለን። ተነሥቼ ልናገር ካልኩ እናቴን በገዛ እጄ ሁለተኛ መቅበሬ ነው። ካልተናገርኩ ግን ሄቲ ስድብ ሆና ትቀራለች። «አንቺ ሄቲ!» እያልኩ ስሳደብ ያደግሁት ደግሞ እኔው ነኝ፤ ሄቲ በኔ ጆሮ ሒሳብ ተሰድዳ።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚል ተረት አለ። የተረተው ሰው በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ልጅ አቅፎ ያደረ አይመስለኝም። እናቴ ቃሏን አጥፍታ እኔን አተረፈች። በዚህ ልፈርድባት አልችልም፤ የቆምኩበት እግር የሷ ውለታ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን! ከመንገድ ማዶ አርባ ዓመት ስኳር እየተበደረች፣ በየገናው አብራ ሻይ እየጠጣች፣ ጓደኛዋ እህቷን ስትረግም እየሰማች፣ ሳህን ማንሣት! እማዬ፣ አንዲት ቀን እንኳ? ቴሌግራሙ የመጣ ቀን እንኳ?

ተነሣሁ።

«ሻይ አላለችም» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ፤ ደገምኩት። «እናቴ ሻይ አላለችም። የሐሙሱን ነገር ለክሮንሾ የነገረችው እሷ ናት። ለኔ ሆስፒታል ወረቀት ብላ። ሄቲን ተዋት ያለችውም እሷ ናት፤ ለእናታቸው አዝና። ሄቲ አልተናገረችም። ምንም አላደረገችም።»

ማሽኑ ብቻ ይንተከተካል።

«ተቀመጪ አንቺ!» አለ ስታንሊ። «የሞተች እናቱን በአደባባይ የሚያዋርድ ምን ዓይነት ሰው ነው? ያውም ያዳነችሽን!»

«ያዳነችኝማ ናት» አልኩ። «ታዲያ ምን ላድርግ ስታንሊ? አንተ ንገረኝ።»

ወደ ዊኒ ዞርኩ። ዊኒ ማይኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ወንበሯን በሁለት እጇ ይዛ፣ እየጎተተች አዞረችው። ጀርባዋን ሰጠችኝ። ለኔም፣ ለስክሪኑም፣ ለእናቴም። በሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ያንን ከባድ ወንበር እንዴት እንደቻለችው እንጃ።

ሚስ ኤንትዊስል ደንግጣ ማሽኑን ማቆም ረስታለች። ፊልሙ ይሄዳል። የፋብሪካው በር ጠፋ፤ ትንሽ ጨለመ፤ ሌላ ቀን መጣ።

የኛ መንገድ ነው። ፋርማሲስቱ አዲሱን አውቶቡስ ሊያነሣ ነው የቆመው መሰለኝ፤ ካሜራው የመንገዱን ጥግ ይጠብቃል። ቅዳሜ መሆኑ ያስታውቃል፤ ሴቶች የደጃፋቸውን ደረጃ በማንጫ ድንጋይ እየፈተጉ ናቸው። ቅርብ፣ በምስሉ ጠርዝ ላይ፣ አንዲት ወጣት ሴት በጉልበቷ ተንበርክካ ደረጃዋን ትፈትጋለች፤ ፊቷ ወደ በሩ፣ ጀርባዋ ወደ መንገዱ። ከመንገዱ ማዶ፣ የአውቶቡስ መቆሚያው ጋ፣ ሌላ ሴት ቆማለች። ከእግሯ ሥር የካርቶን ሻንጣ አለ።

ፊቷን አይቼው አላውቅም። በመቀስ የወጣ ፊት ነው። ግን የዊኒ አገጭ ነበራት፤ የዊኒ ግንባርም። ያንን አገጭ ሃምሳ ዓመት ሻይ ሲጠጣ አይቼዋለሁ።

ሄቲ ታወራ ነበር።

ወንበር ይዤ ቆምኩ። ያለ ድምፅ፣ በከንፈር ብቻ፣ መንገዱን አሻግራ ታወራለች፤ ጀርባ ለሰጣት ሰው።

«አክስት ዊኒ» አልኩ። «ዞር በይ።»

አልዞረችም። አልሰማችኝም ይሆናል፤ እሷም እኮ ጆሮዋ የደከመ ነው፣ ማሽኑም ይንተከተካል። ሮጬ ከፊቷ ሄድኩ፤ ጉልበቷ ሥር ተንበረከክሁ፤ ዓይኗን እስክታነሣ ጠበቅሁ። ስታነሣ ያለ ድምፅ፣ እናቴ ባስተማረችኝ ወሬ ነገርኳት።

«ሄቲ ናት። አንቺን ነው የምትጠራው።»

መጀመሪያ ያልገባት መሰለኝ። ከዚያ ፊቷ ላይ የሆነውን ነገር እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። የሚያውቁትን ሰው ፊት ሲፈርስ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ወንበሯን ማዞር አቃታት። ተነሥታ ዞረች። ስትዞር ግን አውቶቡሱ በሁለቱ መሐል ቆሞ ነበር። አውቶቡሱ ሲሄድ መቆሚያው ባዶ ነው። በምስሉ ጠርዝ ያለችው ሴት አሁንም ደረጃዋን ትፈትጋለች።

«መልሱት!» ብዬ ጮህኩ። «ሚስ ኤንትዊስል፣ መልሺው!»

ማሽኑ አጓራ፤ ምስሉ ወደ ኋላ ሮጠ፤ ቆመ፤ እንደገና ጀመረ። ዊኒ ክንዴን ይዛ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች፤ ብርሃኑ ፊቷ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ተጠጋች። ማይኩ ወንበሩ ላይ ቀርቷል፤ አዳራሹ የሚሆነውን አያውቅም። ያየነው ሁለታችን ነን።

«ዊን» አለች ሄቲ። «ዊን። ድምፅሽን አልስማ ብለሽኝ የለ? ይኸው፣ አላወጣሁም። ዞር በይ።»

በጠርዙ ያለችው ሴት ፈተገች።

«እኔ አይደለሁም፣ ዊን። በእማማ እምላለሁ። ለምን እንደተዉኝ አላውቅም። አንድ ጊዜ ዞር በይና አፌን እይው። ካየሽኝ ታውቂያለሽ።»

ፈተገች።

ሄቲ የመንገዱን ጥግ አየች፤ ሻንጣዋን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ፈገግ አለች። እንዴት ፈገግ እንዳለች!

«ደረጃው እኮ ነጣ፣ ዊን» አለች። «ይብቃሽ። ልትጨርሺው ነው።»

አውቶቡሱ መጣ።

ዊኒ ክንዴን ለቀቀች። ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ «አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ሄደች» ያለች ሴት፣ ስክሪኑ ጥግ ቆማ፣ ከንፈሯን ከፈተች። ድምፅ አልወጣትም። ሊወጣም አልፈለገችም።

«ዞሬያለሁ፣ ሄቲ» አለች። «ይኸው ዞርኩ።»

የአውቶቡሱ መስኮቶች በፊቷ ላይ አለፉ። መቆሚያው ባዶ ሆነ። ዊኒ ወደ ማሽኑ ዞረች፤ ያለ ማይክ፣ በደንብ በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«የኔ ልጅ፣ መልሺልኝ» አለቻት ሚስ ኤንትዊስልን። «አውቶቡሱ ቶሎ መጣብኝ። ሳልጨርስ ነው የመጣብኝ።»

ሚስ ኤንትዊስል መለሰችላት። አራት ጊዜ መለሰችላት። ሰው አንድ በአንድ ተነሥቶ ወጣ፤ ሰሌዳውን የገለጠው የለም። ዊኒ ከስክሪኑ ጥግ ሳትነቃነቅ፣ አራቱንም ጊዜ ለሄቲ መልስ ሰጠቻት፤ አራቱንም ጊዜ አውቶቡሱ መጣ።